በዓሣው ክንፍ ላይ የተሰፋ ጅማት

በፈረንጆቹ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፥ በወርኃ መስከረም፥ የሐይቁ ዳር ስስ በረዶ ሲይዝ፥ ከባሕር ሽቅብ የሚመለሰው ዓሣ ዓሣ ለማጥመድ በወንዙ የተካበውን የድንጋይ አጥር አልፎ ወደ ሐይቁ ገብቶ አልቆ ነበር፤ የተያዘውም በየመስቀያው ደርቆ፥ ውሾቹ ሳይቀሩ ጠግበው ይተኙ ነበር።

በዚያ ሰሞን የመንግሥት የዓሣ ሹም በጀልባ መጣ፤ መልካም ሰው ነው፥ በሰሜን ዋልታ በረዶ የሚኖሩትን የኢኑይትን ሕዝብ ቋንቋም እየተንተባተበ ይናገራል። በሐይቁ ያለው ሆደ ቀይ ዓሣ ከባሕር ከሚመጣው ከብርማው የተለየ ዘር ነው፥ ስለዚህ ነጋዴ ከበረዶው ሥር መረብ ቢጥልበት ወንዙን አይጎዳም ብሎ ሊፈቅድ አስቧል።

ሰባት ልጆች በዚያ ዓሣ ያሳደገችው ባልቴት ኡቪሉቅ ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«ጌታው፥ አንድ ናቸው። ዘር ሊጥል ሲል ቀይ ይለብሳል፤ ያን ዓመት ባሕር አይወርድም። ከስቶ ይከርማል፥ ፀሐይ ስትመለስ ወርዶ ይበላል፥ ነጭ ሆኖ ይመጣል። እርስዎስ የሠርግ ልብስዎን ለብሰው ነው የሚውሉት?»

«እማማ፥ አለቆቼ በቃል አያምኑም፤ ማስረጃ ያምጡ። እስከ መጪው ነሐሴ ፈቃዱን አቆየዋለሁ።»

መላዋ ቀላል ነበር፤ ቀዮቹን ይዞ፥ በጀርባ ክንፋቸው የአጋዘን ጅማት ሰፍቶ መልቀቅ፤ ነጭ ሆነው ከባሕር ሲመለሱ ጅማቱ ይመሰክራል። ችግሩ መርፌው ነው። በዚያ ውኃ ዳር ሴት አትሰፋም፤ ጫማዋ ቢቀደድ እንኳ ኮረብታውን ተሻግራ ነው የምትሰፋው። የአገሩ ሰዎች ክርስትና ከተነሡ ሃያ ዓመት ቢያልፍም ይህችን ደንብ የጣለ አልነበረም።

የአጥሩ አዛዥ ዋርሳዋ ኪጉታቅ ፊቱን አጠቆረ።

«በመርፌ ወግተሽ ልታባርሪብን ነው?»

«አንተ ባለሦስት ጣት ጦር ስትሰካበት ያልሸሸ፥ ከእኔ መርፌ ይሸሻል?»

«ቢቀርስ?»

«ቢቀር እኔን ብሉኝ።»

«አጥንት ብቻ ነሽ፤ ምንሽ ይበላል።»

ሠላሳ ዓሣ ሰፍታ ለቀቀች፤ ጣቷ ደንዝዞ ሁለት መርፌ ሰበረች።

በዓመቱ ነሐሴ ገባ፤ ዓሣው ግን የሚመጣበት ቀን አለፈ። በአጥሩ ውስጥ ውኃ ብቻ ይመላለስ ነበር፤ ሰዉም ኡቪሉቅን ማናገር ተወ። በአምስተኛው ቀን ኪጉታቅ ከድንኳኗ ደጅ ቆመ።

«መርፌሽን ወንዙ ውስጥ ጣዪና ይቅርታ ለምኚ።»

«ዘንድሮ ባሕሩ በረዶውን የለቀቀው ዘግይቶ ነው፤ ዓሣውም ይዘገያል። መርፌዬን ከጣልኩ ሱሪህን ማን ይሰፋልሃል?»

በስምንተኛው ቀን ጠዋት የወንዙ ገጽ ተንቀጠቀጠ፤ አጥሩም በዓሣ ሞላ። ወንዱ ሁሉ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገባ። ኪጉታቅ እንደ ብር የሚያበራ ወፍራም ዓሣ ወግቶ ቢያነሣ፥ በጀርባ ክንፉ የጅማት ቋጠሮ አየ። ተሸክሞም አምጥቶ ከኡቪሉቅ እግር ሥር አኖረው።

«ስፌትሽ ጠማማ ነው» አላት።

«በደነዘዘ ጣት አንተ ሞክረው» አለችና የዓሣውን ጭንቅላት ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ለጎረቤት አከፋፈለች።

ሹሙ በቀጠሮው ተመልሶ ጅማቱን በወረቀት ጠቅልሎ ወሰደ፤ ፈቃዱም ተከለከለ። በመዝገቡ «በምርመራ ተረጋግጧል» ተብሎ ተጽፏል፤ ማን እንደ መረመረ አይልም። በእነዚያ ዓመታት በዚያ ወንዝ ዳር በረሃብ የሞተ ሰው ስምም በየትኛውም መዝገብ አይገኝም፤ የሞተ የለምና።