ፖምፔ ስትሄዱ «ቤቶች» አትበሉ

ስለ ጅን፣ ስለ መንፈስ ሲወራ ከክፍላችን ልጆች መሃል ቀድማ የምትስቀው እኔ ነኝ፣ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ያለው የቀርከሃ ጫካ ውስጥ በስም የሚጣራ ነገር አለ ሲሉኝ እንኳ ንፋስ ነው ብዬ ለብቻዬ አቋርጬዋለሁ፣ ስለዚህ ይህን የምትጽፍላችሁ ልጅ ፈሪ እንዳትመስላችሁ። ናፖሊ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ እንደ ምክር ያዙት፣ ሻንጣችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አዳዳ የአባቴ እህት ናት፣ እኛ የወለጋ ሰዎች የአባትን እህት እንደዚያ ነው የምንላት። ናፖሊ ውስጥ አሮጊቶች ስትጦር ብዙ ዓመት ኖራ ተመለሰችና አሁን ግቢያችን ውስጥ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ትኖራለች፣ ትልቁ ቤት ግቢና እደሪ ብትባል እሺ አትልም። ከማንም ጋር አትስማማም፣ ከእኔ ጋር ደግሞ በተለይ፣ እመኑኝ፣ ሳንነታረክ የዋልንበትን ቀን አላስታውስም።

እህቴ ሌሊሴ ለአጭር ስልጠና ናፖሊ መሄዷ ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ሲጎርፍ አዳዳ ብቻ በሯን ዘጋች። መሄጃዋ ሲቃረብ ግን በረንዳችን ላይ ወጣችና፣ ሳትቀመጥ፣ ክስ እንደሚያነብ ሰው ጀመረችው።

«ቦርሳሽን በመኪናው በኩል አትያዢ፣ በሞተር መጥተው ከነክንድሽ ነው የሚወስዱት። መንገድ ስትሻገሪ ይቆሙልኛል ብለሽ አትጠብቂ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ ግቢበት። የባቡር ቲኬትሽን ማሽኑ ላይ ማህተም ሳታስመቺ አትሳፈሪ። ቡናሽን ቆመሽ ጠጪ፣ ከተቀመጥሽ ዋጋው ሌላ ነው። ቬሱቪየስ ተራራ ላይ በነጠላ ጫማ አትውጪ፣ ያንሸራትታል።»

«አዳዳ፣ ይሄ ከተማ አንድ ደህና ነገር የለውም እንዴ?» አልኳት።

«ፒዛው ደህና ነው። አንቺን ማን አናገረሽ? ምላስሽ ከባጃጅ ጥሩምባ ይብሳል።»

«ቀንተሽ ነው እንጂ።»

ሌሊሴ በክርኗ ጎሰመችኝ። አዳዳ እኔን ትታ እሷን ብቻ አየቻት። «ፖምፔ መሄድሽ አይቀርም፣ ከናፖሊ በባቡር ቅርብ ነው። ጥላ የሚባል የለውም፣ ውሃ ያዢ። እሳተ ገሞራው በአመድ ቀብሮት ኋላ ተቆፍሮ የወጣ ከተማ ነው፣ ደጃፉ፣ ግድግዳው እንዳለ ነው፣ የሌለው ሰው ብቻ ነው። በማንም ደጅ ቆመሽ ‹ቤቶች› እንዳትይ።»

ሌሊሴ ሳቀች። «ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ ማን ሊሰማኝ?»

«ነገርኩሽ፣ ጨረስኩ» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች።

እዚህ ላይ የቤታችንን ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባታችን፣ ሳይጣራ የሚገባ ሌባ ብቻ ነው እያለ ነው ያሳደገን፣ የራሳችን ቤት እንኳ ስንመጣ ቆርቆሮው በር ላይ ቆመን «ቤቶች» እንላለን፣ ውስጥ ያለው «ደጆች» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ነው የሚገባው። ሌሊሴማ ለምዶባት ሱቅ ስትገባም ያመልጣታል።

የሆነው ከሰዓት በኋላ ነው፣ በጨለማ እንዳይመስላችሁ። እናትና አባቴ ለቅሶ ሄደዋል፣ አዳዳ ክፍሏ ውስጥ ናት፣ መብራት ጠፍቷል፣ ሰማዩ ዝናብ አዝሎ ጠቁሯል፣ እኔ ሳሎን ጋደም ብያለሁ። ሌሊሴ በቪዲዮ ደወለች። ፖምፔ ነበረች፣ ፀሐዩ ዓይኗን እያስጨፈናት መንገዱን አሳየችኝ፣ የጋሪ ጎማ ድንጋዩን ቦይ አድርጎ በልቶታል፣ ቤቶቹ ጣሪያ የላቸውም፣ አንዱ ደጃፍ ላይ ደግሞ ጥርሱን ያገጠጠ ውሻ በጠጠር ተሥሏል።

«አዳዳን አይመስልም?» አልኳት።

እየሳቀች ደፍ ላይ አንድ እግሯን አሳረፈችና፣ ሳታስበው፣ «ቤቶች» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። እኔም ሳቅኩ፣ ምስሉም እዚያው ላይ ቆመ፣ ሌሊሴ አፏን እንደያዘች።

መጀመሪያ ጣሪያችን ላይ ጠጠር የወደቀ የመሰለ ኮሽታ ሰማሁ፣ ማንጎ ነው አልኩ፣ ማንጎው ግን ካለቀ ሰንብቷል። ቀጥሎ ከኮርኒሱ ላይ አመድ የመሰለ ደቃቅ ነገር ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ከዚያ በእናቴ መኝታ ቤት ውስጥ፣ በሩ እንደተዘጋ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ደጆች።»

ከስልኩ አይደለም፣ እምላለሁ፣ ከመኝታ ቤቱ ነው። ጎርናና፣ ከእንቅልፉ ሳይወድ የተነሳ ሰው ድምፅ ነው፣ ደስ ብሎት የመለሰ አይደለም።

በባዶ እግሬ ወጣሁ። አዳዳ በሯ ላይ ቆማለች። «ማነው ‹ቤቶች› ያለው?»

«ሌሊሴ ናት፣ ከፖምፔ።»

«መለሱላት?»

«ከእማዬ መኝታ ቤት ነው የመለሱላት።»

ደፉ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ፖምፔ ላይ ስጣራ ባምባሲ፣ እናቴ ቤት ነበር የመለሱት» አለች። የአያቴ ቤት ባምባሲ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፣ እኛ ልጆቹ ጣሪያው ያፈሳል ተብለን ነው ያደግነው።

«ጣሪያው ስለሚያፈስ አይደል እንዴ የተዘጋው?»

«አያፈስም» አለች።

አብረን ገብተን መኝታ ቤቱን ከፈትነው። ማንም የለም። የእናቴ ወንበር ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሯል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ያ ደቃቅ ነገር አለ፣ እናቴ አልጠረግሽም ብላ ትቆጣኛለች። አባቴ ስነግረው ስቆብኝ ነበር፣ በማግስቱ ቤት ማንም በሌለበት ሰዓት መጥቶ፣ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተጣራ፣ ምን እንደሰማ እስካሁን አይነግረንም፣ ግን ከዚያ በኋላ ተጣርቶ አያውቅም፣ ሁላችንም እንደ ሌባ ዝም ብለን እንገባለን። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የሌሊሴ መመለስ ነበር፣ ይህ ቤት ያወቀው የእሷን ድምፅ ነው፣ በስልክ ለመንኳት፣ በር ላይ ስትደርሺ አደራሽን፣ ትንፍሽ እንዳትይ አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ አየር ማረፊያ ሄደን ተቀበልናት፣ አዳዳ እንኳ ሳትቀር። ቤቱን ቆልፈን ነው የወጣነው፣ ቁልፉ አባቴ ኪስ ውስጥ ነው። ከባጃጁ ወርደን ግቢ ገባንና ቤቱ በር ላይ ቆምን፣ አንድም ሰው አልተናገረም፣ ሌሊሴ አፏን በእጇ ይዛለች፣ ልክ ስልኬ ላይ እንደቆመው ምስል። አባቴ ቁልፉን አዞረ።

«ግቡ» አለ ያው ጎርናና ድምፅ፣ ከውስጥ።

«እንግዲህ ተፈቀደላችሁ» አለች አዳዳ፣ እኔን እያየች፣ ከዚያም ወደ ክፍሏ ሄደች።

ገባን። የት እንሄዳለን? እራት ስንበላ ሌሊሴ ስለ ናፖሊ ልታወራን ሞከረች፣ ግን ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ የወንበሩ ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ ሳህኑን እንኳ ላለማንኳኳት እየተጠነቀቅን ነበር፣ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ።