ብርዴ የተባለችው ልጅ

«በሙቀት ቀን ሹራቧን አላወልቅም ያለች ልጅ ካያችሁ አትቆጧት። መጀመሪያ ለምን እንደሆነ አስቡ» አለች አሰልጣኟ።

ድምቡሼ እርሳሷን አስቀመጠች። ቅዳሜ ቢሆንም የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በመምህራን ተሞልቷል። ስልጠናው በቤታቸው ጥቃት የሚደርስባቸውን ልጆች እንዴት አውቀው እንደሚረዱ የሚያስተምር ነው። መምህርት የሆነችው እናቷ ብቻዋን ቤት ላለመተው ይዛት መጥታ፣ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እንድትሠራ ከኋላ አስቀምጣታለች።

«ሰው እጁን ሲያነሳ የሚሸማቀቅ። ደወል ሲደወል ወደ ቤቱ ለመሄድ እግሩ የሚጎተት» ብላ ቀጠለች አሰልጣኟ።

የድምቡሼ ፊት ጋለ። የሚወራው ስለ ብርዴ መሰላት።

ብርዴ የክፍሏ ልጅ ናት። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን እንኳ ሹራብ ስለማታወልቅ ቅጽል ስሙን ያወጣችላት ድምቡሼ ራሷ ናት። «ብርዴ፣ ብርድ ልብስ እናምጣልሽ?» ብላ ሙድ ስትይዝባት ክፍሉ በሳቅ ያውካካ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሽንት ቤት ውስጥ እጅጌዋን ሰብስባ ስትታጠብ ደረሰችባት። ክንዷ ላይ የቀበቶ ሰንበር አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድሟል።

«ለማንም እንዳትናገሪ! እናቴ ትሙት በይ!» አለቻት ብርዴ።

«እናቴ ትሙት።»

በማግስቱ ልጆቹ «ብርዴ!» ሲሏት ድምቡሼም አብራ ሳቀች። ምስጢሩን ማወቋ እንዳይነቃባት ብላ።

በስልጠናው የእረፍት ሰዓት እናቷ ወዳለችበት መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ያቺ የክፍላችሁ ልጅ…» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሹራብሽን አውልቂ ስላት እምቢ ብላኝ፣ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ውጭ አቁሜያታለሁ።»

ድምቡሼ ደብተሯን ዘጋች። እናቷ ያላወቀችውን እሷ ታውቃለች።

«እማዬ፣ እኔ ክንዷን አይቼዋለሁ። እንዳልናገር በአንቺ ምዬላታለሁ።»

እናቷ ለመቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እኔ አልሞትም» አለቻት። «ነይ፣ ለአሰልጣኟ አብረን እንንገራት።»

አሰልጣኟ የኮምፒውተሯን ገመድ እያስተካከለች ነበር። ጉዳዩን ስትሰማ ገመዱን ትታ ወደ ባዶ ክፍል ወሰደቻቸው።

«ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፣ የኔ ልጅ። የቀረው የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ልጅቷን አደጋ ላይ በማይጥል መንገድ እንይዘዋለን።»

ድምቡሼ ከሰንበሩ መጀመር ትችል ነበር። ስለ ቅጽል ስሙ የጠየቃት የለም። እናቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ከሳቁ ጀመረች።