ባዶ እጅህን ና

ለንሳ የዚያን የአምቦ መድኃኒት ቤት ደጃፍ የረገጠችው ፍቅር ፍለጋ አልነበረም፤ አልኮል ፍለጋ ነው። የሚጠጣውን ሳይሆን ቁስል የሚጠረግበትን።

በሳምንቱ ተመልሳ ያንኑ ያህል ጠርሙስ ስትጠይቅ፣ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ወጣት ፋርማሲስት እጁን ከመደርደሪያው ላይ ሳያነሳ ዞሮ አያት። ረዘም ያለ፣ ቀጠን ያለ ልጅ ነው፤ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ ይስቃል።

«እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ ብዙ ቁስለኛ አለ እንዴ?»

«ቢላ እነክርበታለሁ።»

«ምን?»

«ዝንጅብል የምቆርጥበትን ቢላ። አንዱን ቆርጬ ወደ ሌላው ስሄድ ካልነከርኩት በሽታ ያስተላልፋል።»

«ይገርማል!» አለ ጠርሙሶቹን እየደረደረ። «እኛ ሰው ሲያመው ዝንጅብል ጠጣ እንላለን። ዝንጅብል ሲያመው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል ማለት ነው?»

ለንሳ ሳቋን ለማንም እንዲሁ የምትሰጥ ልጅ አልነበረችም። ያን ቀን ግን አመለጣት። ጉደር እስክትደርስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ለብቻዋ ፈገግ ስትል፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ በጎን ደጋግመው አዩዋት።

ስሙ ፊራኦል ነው። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምቦ ጉደር መመላለስ ጀመረ፤ ሰበቡ ብዙ ነው፤ አንድ ቀን ዘመድ ጥየቃ፣ ሌላ ቀን ፏፏቴውን ለማየት። ፏፏቴውን እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ያየው አይመስለኝም።

ለንሳ በጉደር ካምፓስ የሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። ሥራዋ ያለው በአንድ ላስቲክ ቤት ውስጥ ነው፤ ከበሽታ የጸዳ ዝንጅብል አባዝታ ለገበሬ የሚሆን ዘር ማውጣት። አጠውልግ የሚሉት በሽታ በአፈር፣ በውኃ፣ በቢላ፣ በጫማ ሳይቀር ይሄዳል። አንዴ ማሳ ከገባ ልምላሜው በጥቂት ቀን ቢጫ ሆኖ ይተኛል። አባቷ ኦቦ ገለታ ከካቺሲ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ የተከሉትን ዝንጅብል በሙሉ በዚህ በሽታ ቀብረዋል። ያኔ ለንሳ ገና ተማሪ ነበረች። አባቷ ማሳው ዳር ቁጭ ብለው ምንም ሳይናገሩ ያመሹት ምሽት ከዓይኗ አይጠፋም። የመጀመሪያው ንጹሕ ዘር ለእሳቸውና ለጎረቤቶቻቸው እንደሚሆን ቃል ገብታለች። እሳቸውም በደወሉ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ «ዘሩስ?» ሳይሉ አይዘጉም።

ስለዚህ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ማንም እንዲሁ አይገባም። የሚገባ ሰው ቦቲ ለብሶ በረኪና የተሞላ ገንዳ ረግጦ፣ ጋዋን ደርቦ፣ እጁን በአልኮል አሽቶ ነው። ፊራኦል ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር አልፎ አያውቅም። እሷ ግን አልፎ አልፎ ቅጠል ቆርጣ ታወጣለታለች።

«እሸው እስቲ። አሽተው።»

«ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል።»

«ኮረሪማ ነዋ! ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ሄል፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። አራቱም እዚህ ውስጥ አሉኝ፤ በሽታው ከአንዱ ወደ ዘመዱ ይሄድ እንደሆነ አያለሁ።»

«ዘመደ ብዙ ናት በይኛ» አለ ቅጠሉን ከአፍንጫው ሳያርቅ። «ይህችን ልጅ ለመጠየቅ ስንት ቤት ሽማግሌ ሊላክ ነው?»

ስለ ዝንጅብል ይሁን ስለ እሷ አልገባትም። የገባት መስሎ እንዳይታይ ቦቲዋን አጎንብሳ አስተካከለች።  

ነሐሴ ላይ ለንሳ ሥራዋን ለማቅረብ ለጥቂት ቀናት አዲስ አበባ ሄደች። ሰኞ ጠዋት ተመልሳ ላስቲክ ቤቱ በር ስትደርስ ፊራኦል እየጠበቃት ነው፤ ከሥራው አስፈቅዶ መምጣቱን ነገራት። ፊቱ ላይ ምሥጢር መያዝ ያቃተው ሰው ፈገግታ አለ።

«ግቢና እዪ» አላት። «እኔ እዚሁ እቆማለሁ።»

በሩን ከፈተች። በግራ በኩል፣ ከላይኛው ረድፍ ጫፍ፣ እሷ ያላስቀመጠችው ማሰሮ ተቀምጧል። በውስጡ ክንድ የሚያህል ለምለም ዝንጅብል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። አፈሩ እርጥብ ነው። ውኃው ከማሰሮው ሥር ወጥቶ በቦዩ ቁልቁል፣ በየማሰሮዎቿ ሥር ሁሉ አልፏል።

ለንሳ በሩን ይዛ ቆመች። 

«ከየት ነው?» አለች ሳትዞር።

«ከደቡብ። የአጎቴ ልጅ ሰርግ ሄጄ፣ የአንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ አየሁት። እንዲህ ያለ ዝንጅብል አይቼ አላውቅም፣ ለንሳ! አውቶቡሱ እዚህ እስኪደርስ ከጭኔ አላወረድኩትም።»

«ከነአፈሩ?»

«ከነአፈሩ። እንዳይደርቅብሽ ብዬ። ባለፈው ሐሙስ አስገባሁት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ዘበኛው ኦቦ ዱጋሳ ያጠጡልኛል።» ድምፁ እየቀነሰ መጣ። «አላስደሰተሽም?»

በልጅነቱ ሰው ቤት ባዶ እጅ እንዳይሄድ ተነግሮት ያደገ ልጅ ነው። ለዝንጅብል ተመራማሪ ከዝንጅብል የበለጠ ስጦታ ከየት ይምጣ?

ለንሳ ቦቲዋን ለብሳ ገባች። ቢላዋን ነክራ ግንዱን ከሥሩ ቆረጠች። ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ሞልታ የተቆረጠውን ጫፍ ነካ አድርጋ ያዘችው። ፊራኦል ከደጅ ሆኖ ይመለከታል። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ከግንዱ ጫፍ እንደ ወተት ነጭ የሆነ ቀጭን ክር እየተሳበ ወደ ብርጭቆው ታች ወረደ። ሌላም ተከተለው።

«ይሄ ነው አጠውልግ» አለችው። «አየኸው? ሲያዩት ለምለም ነው።»

አማካሪዋ ዶክተር ዋቅጋሪ ወዲያው መጡ። በመጀመሪያ የተመለከቱት ዘበኛውን ኦቦ ዱጋሳን ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«እሳቸውን አይቆጧቸው፣ ዶክተር» አለ ፊራኦል ወደፊት ወጥቶ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዋሽቼ ነው ያስከፈትኳቸው።»

«ምን ብለህ?»

ፊራኦል ለንሳን አየት አድርጎ መልሶ መሬት መሬት አየ። ኦቦ ዱጋሳ መለሱለት።

«እጮኛዋ ነኝ ነው ያለኝ። እጮኛን ታዲያ እንዴት በር ላይ አቆማለሁ?»

ለንሳ ፊቷ ጋለ። እጮኛ! አፍ አውጥቶ እወድሻለሁ እንኳ ብሏት አያውቅም። በሌላ ቀን ብትሰማው ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ የምትስቅበት ቃል ነበር። ያን ቀን ግን አመድ ሊሆኑ በተቃረቡት ተክሎች መካከል ሰማችው።

«ውጣልኝ» አለችው። «ማሎ፣ እባክህ ውጣልኝ።»

በሽታው እንዳይዛመት በግራ በኩል ያለው ተክል በሙሉ ተቃጠለ። የቀኙ ውኃ በሌላ ቦይ ስለሚሄድ ተረፈ፤ ወይም የተረፈ መሰለ።

«እስከ ታኅሣሥ ጠብቂው» አሏት ዶክተሩ። «ቢጫ ቅጠል ካልታየበት ትመረቂበታለሽ፤ ለአባትሽም ዘር ይወጣል። አንድ እንኳ ከታመመ ግን ሁሉንም አቃጥለን እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

ማታ አባቷ ደወሉ። «ዘሩስ?» ሲሉ እንባዋ ቀደማት፤ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ልጁ ሆን ብሎ ነው?» አሉ።

«አይደለም፣ አባ። ስጦታ ነው ያለው።»

 «የእኔንም ማሳ ያጠፋው ጎረቤቴ ከጓሮው ቆርሶ በስጦታ የሰጠኝ ዘር ነው» አሏት አባቷ። «አልነገርኩሽም እንጂ። ዛሬም አንድ ላይ ነው የምናርሰው።»

ለንሳ ይህን አልጠበቀችም። ደህና እደሩ ብላ ዘጋች።

አልኮሉ ሲያልቅባት ሌላ መድኃኒት ቤት ሄደች። የለም። ሌላም ሞከረች። የለም። እግሯን እየጎተተች ወደዚያው ተመለሰች። ፊራኦል ሲያያት አልሳቀም። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አኖራቸው። ልትወጣ ስትል ብቻ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ቢጫ አለ?»

«የለም።»

«ተመስገን» አለ።

በቀጣዩ ሳምንትም እንዲሁ ሆነ። መስከረም አለፈ፤ አደይ አበባው ረገፈ፤ ጥቅምት ገባ። በመካከላቸው የቀረው ንግግር ያ ብቻ ነው። ቢጫ አለ? የለም። ተመስገን። ለንሳ አሁንም ተቆጥታዋለች፤ ቁጣዋን አልተወችም። ግን በየጠዋቱ በየቅጠሉ ሥር ስትጎነበስ፣ የምትፈልገው ቢጫውን ብቻ እንዳልሆነ፣ ለዚያ ጥያቄ የምትሰጠውን መልስም ጭምር እንደሆነ ራሷ ደርሳበታለች።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ባንኮኒው ጀርባ ሶረቲ የምትባል የሥራ ባልደረባው ቆማ አገኘች። ሶረቲ በደንብ አስተናገደቻት፤ ምንም ግን አልጠየቀቻትም። ለንሳ ጠርሙሶቹን ታቅፋ ቆመች።

«የጎደለ አለ?» አለች ሶረቲ።

«የለም… ልጁስ?»

«ፊራኦል? ጉንፋን ጥሎት ነው።»

በዚያች ቀን ለንሳ ሚኒባስ ውስጥ ፈገግ አላለችም። ቢጫ ቅጠል የለም፤ ግን ማንም ተመስገን አላለላትም። ቀኑ ባዶ ሆነባት። እየወደደችው እንደሆነ ከራሷ የምትደብቅበት ቦታ አልቀረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቆሞ አገኘችው። ከስቷል፤ ድምፁም አልተመለሰም።

«ቢጫ…»

«የለም» አለች ሳያስጨርሰው። «ዝንጅብል ጠጣህ?»



«እናቴ አፍልታልኝ ነበር። አልደፈርኩም» አለ። «ከነሐሴ ወዲህ ዝንጅብል ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም።»

ለንሳ ሳቀች። ከዚያ መሳቋ ራሷን አናደዳት፤ ከዚያ ንዴቷ ጠፋ።

«ታኅሣሥ መጨረሻ ቅዳሜ ይቆፈራል» አለችው ጠርሙሶቹን አንስታ። «ከፈለግህ ና። ባዶ እጅህን ና።»

በቀኑ ፊራኦል ጉደር ሲደርስ ባዶ እጁን አልነበረም። እናቱ «ሰው ጥፋት ሊያስምር ባዶ እጁን ይሄዳል?» ብለው ድፎ ዳቦ አስይዘውታል። እሱ ግን ዳቦውን በር ላይ ለኦቦ ዱጋሳ ተወላቸው። ቦቲ ለበሰ። በረኪናው ውስጥ ቆመ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆመ። ጋዋን ደረበ፤ እጁን እስከ ክንዱ በአልኮል አሸ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕጉ መሠረት ገብቶ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ፊቷ ቆመ።

«ባዶ ነው» አለ። «እዪው።»

ለንሳ መዳፎቹን ይዛ አየች። ጥፍሮቹን ሳይቀር አየች። ፍተሻው አልቆም አልለቀቀቻቸውም።

አብረው ቆፈሩ። ከመጀመሪያው ማሰሮ ግንድ ቆርጣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያዘች። ፊራኦል ብርጭቆውን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። ጠበቁ። ከሌላው ማሰሮ ቆረጠች፤ ውኃ ቀይራ እንደገና ጠበቁ። እስከ መጨረሻው ረድፍ እንዲሁ አደረጉ። ክር የለም። ውኃው በብርጭቆው ወዲያ ማዶ ፊቱን እስኪያሳያት ጥርት እንዳለ ነው።

ፊራኦል ብርጭቆውን አስቀምጦ በጋዋኑ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። ለንሳም ጠረገች።

«ለኦቦ ዱጋሳ ያኔ ምን ብለህ ነበር ያስከፈትካቸው?» አለች።

«እባክሽ እንዳታስታውሺኝ።»

«ትልቅ ሰው ዋሽተሃል።»

«ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ።»

«አይበቃም።» ቀና ብላ አየችው። «ጥር ላይ ዘሩን ይዤ አባቴ ዘንድ እወርዳለሁ። ሽማግሌዎችህ ያኔ ይምጡ። ኦቦ ዱጋሳንም ጨምራቸው፤ ያልካቸው እውነት መሆኑን እዚያው ይስሙ።»

የፊራኦል ዓይን ከአፉ ቀድሞ ሳቀ። 

«ሽማግሌ ታዲያ ባዶ እጁን አይሄድም።»

«የፈለጉትን ይያዙ፤ አፈር ያለበት ነገር ግን እንዳይዙ» አለችና ታጥቦ የጸዳውን ዝንጅብል አንስታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ይሄን ለእናትህ። ከለንሳ ነው በላቸው። አንተም አፍልተው ሲሰጡህ ጠጣ።»

ዝንጅብሉን ታቅፎ ወጣ። በሩ ላይ ኦቦ ዱጋሳ ዳቦ እየቆረሱ አገኙት።

«ደግሞ ምንድነው የያዝከው?»

«እጮኛዬ የሰጠችኝ ነው!»

ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጡ። ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። አንዴ ተቃጥለዋል፤ ሁለተኛ አይታለሉም። አንገታቸውን ወደ ላስቲክ ቤቱ አስግገው ተጣሩ።

«ለንሳ! ይሄ ልጅ ዛሬም እጮኛዋ ነኝ ይላል። ላሳልፈው?»

 ፊራኦል ዝንጅብሉን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ያሳልፉት፣ ኦቦ ዱጋሳ!»