ከጭራው የሚጀመረው ቃል

የባዮኬሚስትሪ መምህሩ ላቦራቶሪያቸው ወለል ላይ ተዘርረው ተገኙ። አስከሬን መርማሪው «ታፍነው ነው የሞቱት» አለ። ከበላያቸው ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም የኢንዛይም ስም ተከፋፍሎ ተጽፎ መሐል ላይ ተቋርጧል፦ ግሉ–ኮዝ–ሲክስ–ፎስ–ፌት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ዱቄቱን አሳልፋ እንክርዳዱን ታስቀራለችና። የሟቹን ረዳት፣ ልጃቸውንና አማቻቸውን እዚያው ሰበሰበች። መጨረሻ የገባው ረዳቱ ነው ተብሎ በካቴና ታስሯል፤ ፊቱ ላይ ተስፋ የሚባል ነገር አልነበረም።

«እርስዎስ መቼ አዩዋቸው?» አለችው አማቹን።

«ከምሳ በፊት። ይህንን ቃል ሲጽፉ ቆሜ እያየሁ ነበር። እዚያች ‹ፌት› ላይ ሲደርሱ ተሰናብቼ ወጣሁ።»

«የአማቻቸው ክሊኒክ ደም ሳይመረምር ውጤት እንደሚሰጥ ደርሰውበት ነበር» አለ ረዳቱ ከጥግ። «ነገ ሊከሱት ነበር። ‹ያበጠው ይፈንዳ› አሉኝ።»

«አንተ ነፍሰ ገዳይ፣ ዝም በል!» አለ አማቹ።

ወንፊት ወደ ልጅቱ ዞረች። ነፍሰ ጡር ናት፤ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «እህቴ፣ ይህ ቃል ለምላሴ አልገራም አለኝ። እንዴት ነው የሚባለው?»

«አባዬ በልጅነቴ እንዳስተማረኝ ልንገርሽ። ኔዝ። ጂኔዝ። ድሮጂኔዝ። ሃይድሮጂኔዝ። ዲሃይድሮጂኔዝ… ሰሌዳው ላይ ያለው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከጭራው?»

«ሁልጊዜ። ሰሌዳ ላይም ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ ወደ ግራ ነው የሚጽፈው። ‹ሰው የሚደናቀፈው መጨረሻው ላይ ነው፤ አስቀድመሽ ልመጂው› ይላል። አንድ ቀን እንኳ ከፊት ጀምሮ…»

ሰሌዳውን አየች፤ ቀጥሎ ባሏን።

ወንፊት «እርስዎ» ማለቱን ተወችው። «እሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ሰሌዳው ላይ የሚገኘው ጭራው ነበር። እዚህ ያለው ግን የፊተኛው ነው። ረዳቱ ተማሪያቸው ነበር፤ ሊያስመስል ቢፈልግ እንኳ ከጭራው ይጀምር ነበር። አንተ ግን ክፍላቸው ገብተህ ተምረህ አታውቅም። ‹ሲጽፉ አየሁ› ያልከው ራስህ የጻፍከውን ነው። ስትወጣ በሕይወት እንደነበሩ ለማስመሰል፣ ከአንተ በኋላ በገባው ላይ ለማላከክ።»

አማቹ አልተሟገተም። «ክሊኒኩ ቢዘጋ በምን ልንኖር ነበር?» አለ ሚስቱን እያየ።

ካቴናው ከረዳቱ እጅ ወልቆ በአማቹ እጅ ገባ። ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ነፃ የወጣው ረዳት እንኳ መምህሩ የወደቁበትን ወለል እያየ ያለቅስ ነበር።

ልጅቱ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። «ዝም ብል ኖሮ አንዱ ይቀርልኝ ነበር» አለች።

ወንፊት ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አባዬ መጨረሻውን ልመጂ ይለኝ ነበር» አለች ልጅቱ፣ «ይህንን ግን አላስለመደኝም።»