ቀይ የተቀባችው ብሎን

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ።

ሴትዮዋ የእጅ ጌሙን የጥገና ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የግራው ጆይስቲክ ሳልነካው ብቻውን ይሄዳል፤» አለች።

«የሚገፋው ቢኖር ነው፤» አለ ምስጥ።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። የስለላ ስሟ አክስት ነው፤ አለቃው ናት። ዛሬ ጌም በጌም ይለዋወጣሉ። የእሷ ባዶ ነው። የእሱ፣ መሳቢያ ውስጥ ያለው፣ ፋብሪካው በዋናው ሰሌዳ ላይ፣ ከሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ሥር በስውር የበየደው ጆሮ አለበት። ልጆች ሲጫወቱ የቤቱን ወሬ ሁሉ የሚሰማ ቺፕ። ከእሱ ሌላ ማስረጃ የለም።

ቺፑን ያገኘው ምስጥ አልነበረም። የጥገና ቤቱ ባለቤት ነው፤ ጋሼ። ሥራ ፈላጊ ነኝ ቢለው አምኖ ያስጠጋው፣ ብየዳ ያስተማረው፣ ምሳውን የሚያካፍለው ጋሼ።

ዛሬ ጋሼ አረፈደ። አርፍዶ አያውቅም።

ምስጥ ለወጉ ያህል ጌሙን ገለበጠው። የታችኛዋ ቀኝ ብሎን ቀይ ናት።

እጁ ቆመ።

ጋሼ የጠገነውን ሲዘጋ የመጨረሻዋን ብሎን በሴት ልጁ የጥፍር ቀለም ነካ ያደርጋታል።

«ጋሼ፣ ብሎኗ ልትዳር ነው እንዴ?» ብሎት ነበር ትናንት።

«ሳቅ አንተ! እኔ ሳላይ የከፈታትን ታሳብቅልኛለች።»

ከዚያ ባትሪው ሲያድር ልየው ብሎ ይህንኑ ጌም ይዞ ቤቱ ገባ።

አሁን ቀለሙ ተሰንጥቋል።

አክስት ጋሼ ቤት ገብታለች። ጌሙን ከፍታ ቺፑን ፈልጋ አጥታለች።

ጋሼንም ምስጥንም ለፋብሪካው ሸጣቸዋለች።

«ምን ይዞሃል? አምጣው እንጂ።»

«ጋሼ ይምጣና...»

«አይመጣም።»

አፏ ቀደማት። በሩ ላይ አብረዋት የመጡ ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል።

«እሺ፤» አለ ምስጥ። «ባትሪው አብጧል፤ መጀመሪያ ላውጣው።»

ከተጣሉት ባትሪዎች መሃል እንደ ትራስ ያበጠ አንድ አነሳ። «ይቺን በብረት የነካ ቤቱን ያቃጥላል» ይል ነበር ጋሼ።

በመፍቻው ወጋው።

ፉጨት። ጭስ። እሳት።

አክስት ስትጮህ እሱ ቺፑ ያለበትን ጌም ከመሳቢያው መንጥቆ በጓሮ በር ወጥቷል። የቀኝ መዳፉ ቆዳ መፍቻው ላይ ቀርቷል።

ሰሌዳውን ከጌሙ ፈትቶ ከአክስት በላይ ላለው ሰውዬ በእጁ አስረከበ።

«ጥሩ ሠርተሃል።»

«ጋሼስ?»

ሰውዬው ሰሌዳውን ወደ መብራት አዙሮ ያየው ነበር።

«የቱ ጋሼ?»

ጋሼን ከቤቱ ደረጃ ሥር አገኙት። ወድቆ ነው ተባለ። ቀብሩ ላይ ምስጥ የታሸገ እጁን ኪሱ ከቶ ከሰው ኋላ ቆመ። እንደ ልጅ ማልቀስ አማረው፤ እንደ መንገደኛ ቆመ። ልጅቷ አየችው።

«አባቴን ያውቁት ነበር?»

«ጌም ጠግኖልኝ ነበር።»

በዚያው ዓመት ፋብሪካው ጌሙን ከገበያ ሰበሰበ። ምስጥ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም የእጅ ሰዓት ይሸጣል። የጥገና ቤቱን ልጅቷ ለጫማ ነጋዴ አከራየችው።