ከውስጥ ሲጠሩት የማይሰማ በር

ኃላፊው የተገኘው በመድኃኒት መጋዘኑ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር በጎኑ እንደወደቀ፣ ቀኝ እጁን ወደ መክፈቻው ቁልፍ እንደዘረጋ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጥበቃው ከውጭ በካርድ ሲከፍት በሩ ምንም ሳያንገራግር ተከፈተለት። ከውስጥ ግን ሰውየውን አላወጣውም። ብርዱ ጨርሶታል።

ያንን በር የሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሰቅል ስለኖረ ሰው ሁሉ ማጠፊያ ይለዋል። እንግዲህ አስቡት፤ የወንድሙን ሬሳ ሊያይ እየሮጠ መጥቶ፣ እንባውን ሳይጠርግ ፖሊስ ክንዱን ያዘው። «የመክፈቻውን ሽቦ የዘረጋኸው አንተ አይደለህም?» አሉት። ነው። «ከወንድምህ ጋርስ አልተጨቃጨቅህም?» እሱም እውነት ነው። ከውስጥ በእጅ የሚከፈት እጀታ ላድርግ ብሎ ቢለምን፣ ወንድሙ «ኮምፒውተሩ ይበቃል» ብሎ መልሶታል።

የወንድሙ ሚስት ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ አየችው። «አንተ የሠራኸው በር ነው» አለችው። ማጠፊያ እስር ቤቱን ይችለው ይሆናል፤ ይህን ዓይን ተሸክሞ መኖር ግን የሚችል አልመሰለውም።

መርማሪዋ ጠና ያለች፣ ስትራመድ ድምፅ የማይሰማባት ሴት ናት። እንደገባች «ማንም አይውጣ። በሥራ ላይ ያለ ማሽን አይጥፋ» አለች። ማጠፊያን ከቢሮው ጥግ አስቀምጣ፣ የበሩን ፕሮግራም የሠራችውን ልጅ አስጠራች።

«በሩን የሚያዘው የአንቺ ፕሮግራም ነው፣ ልጄ?»

«አዎ። ግን እሱ ራሱ በር መክፈት አይችልም።»

«እና ምን ይሠራል?»

«ያዛል። መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ዓይነት በር አለ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ‹ክፈት› እና ‹ዝጋ› ማለት ብቻ ነው። አከፋፈቱን የሚያውቀው ፕለጊን የምንለው ነው። ለየበሩ ዓይነት አንድ ፋይል አለው፤ ሁሉም በጋራ ማኅደር ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ሲያስፈልገው ፋይሉን በስሙ ጠርቶ ይጭነዋል።»

«በዚያ ስም ሌላ ቢመጣበትስ?»

«ያስገባዋል። ስም እንጂ መልክ አያይም።»

«ማኅደሩን ማን ይነካል?»

«እኔ፣ ሟቹና ምክትሉ።» ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የዚህ በር አሮጌው ፕለጊን ጉድለት ነበረበት። ከውጭ ይከፍታል፤ ከውስጥ ሲጫኑት ግን አይሰማም። ለሁለቱም ነግሬያቸው በአዲስ ተክቼዋለሁ። ዛሬም አየሁት፣ አዲሱ በቦታው ነው።»

ማጠፊያ ከጥጉ ሆኖ ይህን ሰማ። ፋይሉ ደህና ከሆነ የቀረው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ የእሱ ነው። የቢሮው ግድግዳ ወደ እሱ የተጠጋ መሰለው።

«ፕሮግራሙ መቼ ነው ጠፍቶ የሚነሳው?» አለች መርማሪዋ።

«በየእሑዱ ጠዋት፣ በራሱ።»

ከእሷ ቀጥሎ ምክትሉ ከረባቱን እያስተካከለ ገባ።

«ምን የተበላሸ ይመስልዎታል?»

«እኔ ስለ ማሽን ምን አውቄ? ኮምፒውተሩ ግን ጤነኛ ነው። ማኅደሩን ክፈቱና እዩ፤ አዲሱ ፕለጊን ቁጭ ብሏል። ይልቅ ጋሼ ማጠፊያ ስለ ሽቦው ይንገሩን።»

«ሽቦዬን ተወው» አለ ማጠፊያ።

«ትቼዋለሁ እኮ። የነካሁት እኔ ብሆን ይሠራ ነበር።»

«ከሟቹ ጋር ሰላም ነበራችሁ?» ስትል መርማሪዋ፣ ከደጅ ሆና ስትሰማ የነበረችው የሟቹ ሚስት ቀደመችው።

«ምን ሰላም አለ? ቀኑ ያለፈበትን መድኃኒት ልትሸጥ ስታወጣ ይዞህ፣ በዚህ ሳምንት ሊያሰናብትህ አልነበር?»

ምክትሉ ሳል ያዘው። መርማሪዋ ብድግ አለች። «ካፖርት ያላችሁ ልበሱ። ሁላችንም እንገባለን። ጥበቃው ካርዱን ይዞ ደጅ ይቁም፤ ሳንኳኳ ይክፈት።» ወደ ሚስትየው ዞር ብላ «እርስዎ ባይገቡ ይሻላል» አለቻት።

«እሱ የገባበት ነው። እገባለሁ።»

በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ማጠፊያ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ ድፍን፣ ቀዳዳ የሌለው። ሲሠራው የኮራበት ድምፅ አሁን ደረቱ ላይ የተጫነ መሰለው። ትንፋሻቸው ፊታቸው ላይ ነጭ ሆነ።

«ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው ብለዋል፣» አለች መርማሪዋ ምክትሉን። «እስቲ ይክፈቱልን።»

ምክትሉ ምንም ሳይፈራ ሄዶ ቁልፉን ተጫነ። ከውስጥ የተላከው ጥሪ ኮምፒውተሩ ዘንድ መድረሱን የምታሳውቅ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። በሩ ግን ዝም። ደገመው። መብራቷ በራች፤ በሩ ዝም። በሁለት እጁ ይጫነው ጀመር።

«አዲሱ እኮ ነው ያለው! መልሼዋለሁ...» አለና አፉን ያዘ።

«በሉ አዳምጡኝ፣» አለች መርማሪዋ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ። «ሽቦው ቢበጠስ ኖሮ ይህች መብራት አትበራም። ጥሪው ደርሷል። ስለዚህ ማጠፊያ በዚህ ነገር የሉበትም። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ፋይልም ደህና ነው። በሩ ግን ዛሬም እንደ አሮጌው ፕለጊን ነው የሚሠራው። እንዴት ሆነ፣ ልጄ?»

«ፕሮግራሙ አንዴ የጫነውን እስኪጠፋ ድረስ ይዞት ይቆያል» አለች ልጅቷ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። «ማኅደሩ ውስጥ ያለውን ቢቀይሩትም ወሬው አይደርሰውም።»

«ስለዚህ ከእሑድ በፊት አንድ ሰው አሮጌውን በአዲሱ ስም አስገብቷል። እሑድ ፕሮግራሙ ሲነሳ እሱን ጫነ። ቀን ቀን ሠራተኛው በገባ ቁጥር በሩን በሽብልቅ ስለሚይዘው ማንም ከውስጥ አልተጫነውም። ሰኞ ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ኃላፊው እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ሊቆጣጠሩ ገቡ። ዛሬ ጠዋት ያ ሰው አዲሱን ፋይል መለሰና ሁሉ ነገር የጸዳ መሰለው። ይህች ልጅ ብትሆን ፕሮግራሙንም አጥፍታ ታነሳው ነበር። ማጠፊያ ማኅደሩ ውስጥ አይገቡም። ሟቹ ራሳቸው ላይ አያጠምዱም። የቀረው፣ ማኅደሩን ካላያችሁ ብሎ የለመነን፣ አሁንም ይከፈታል ብሎ አምኖ እዚህ የገባው ነው።»

ምክትሉ እንደገና ወደ ቁልፉ ዞረ። «ፋይሉ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር መስሎኝ ነበር» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

መርማሪዋ አንኳኳች። ጥበቃው ከፈተ። ምክትሉን ይዘውት ወጡ፤ ልጅቷም ተከተለች።

የሟቹ ሚስት ግን ባሏ ከወደቀበት ቦታ አልተነቃነቀችም። ማጠፊያ ደፍሮ አልተጠጋትም።

«ስንት ጊዜ ተጭኖት ይሆን?» አለች ዝቅ ብላ።

«እንጃ፣ እትዬ።»

ቀና ብላ አየችው። ጠዋት ከኮሪደሩ ጫፍ ያየችበት ዓይን አልነበረም።

«እንዳይዘጋብኝ በሩን ያዝልኝ።»

ማጠፊያ ትከሻውን በሩ ላይ አሳረፈ። ብረቱ በካፖርቱ አልፎ አጥንቱ ድረስ ቢገባም፣ እሷ ቀስ ብላ እስክታልፍ ንቅንቅ አላለም።