ፋራያ ያልነበረው እባብ

«ክቡራትና ክቡራን ነዋሪዎች፣ መጸዳጃ ቤቱ ላልተወሰነ ጊዜ በአንድ ተጠቃሚ ብቻ መያዙን በታላቅ ትሕትና እናሳውቃለን።»

ድምፁ የአይዳ ነው፤ የሚመጣውም ከዚያው ከመጸዳጃ ቤቱ ነው። አይዳ ከሲፈንና ከሲፈን እናት ጋር አንዲት ክፍል በጋራ የተከራየች ሴት ናት። እንደ ዜና አንባቢ ማውራት ከጀመረች ክፉኛ ፈርታለች ማለት ነው።

ኮሪደሩ ላይ፣ በመጸዳጃ ቤቱና በውጭው በር መካከል፣ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ግራጫ ነው፤ ጀርባው ጠቆር ባለ ጠቃጠቆ ተሞልቷል። ሲፈን ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ወንበር ስባ፣ እሱ ላይ ቆማ ታየዋለች። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ስላለው በዚያ መውጣት አይቻልም። እናቷ ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር የሰው ቤት ልታጸዳ ሄዳለች።

የነፍስ አድን ሠራተኞችን መጥራት ይቻል ነበር። ግን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ ሲቆም ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ሰፈሩ ሲሰበሰብ አንዱ የኢቃማ ነገር ያነሳል። ያ የዐረብ አገር መኖሪያ ወረቀት ደግሞ ከሦስቱ አንዳቸውም ጋ የለም። ሲፈን ሐሳቡን ስታነሳ አይዳ ሳታስጨርሳት «ኸላስ፣ ተዪው» ብላታለች።

ስለዚህ ፎቶ አንስታ፣ የእባብ ዓይነት የሚለዩ ሰዎች ያሉበት የፌስቡክ ቡድን ላይ ለጠፈችው። ናዲም የሚባል የቡድኑ አዋቂ ወዲያው መለሰ፤ ፎቶው ደብዝዟል፣ የት ነው የተገኘው?

የእናቷ አንደኛ ሕግ ሰፈርሽን ለማንም እንዳትናገሪ ነው። የሲፈን ጣት ሳያማክራት «ፋራያ» ብሎ ጻፈ። በረዶ የሚወርድበት ተራራ ነው፤ ረግጣው አታውቅም።

ናዲም ደነገጠ። እዚያ ከፍታ ላይ ከሆነ መርዘኛው የተራራ እፉኝት ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይጠጋው፣ እሱም እዚያው ፋራያ ያሉ ሰዎች እንደሚልክ ጻፈ። ሲፈን ጮክ ብላ አነበበችው።

«እኛ ፋራያ ነን እንዴ?» አለች አይዳ በበሩ በኩል። «ያኒ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመርነው መቼ ነው?»

ሲፈን ሳቋ መጣ። እባቡ ግን ጥቅልሉን ፈታ። ቀስ እያለ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ተሳበ፤ ከበሩ ሥር እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለ።

«ሲፉ» አለች አይዳ፣ በራሷ ድምፅ። «ባዶ እግሬን ነኝ።»

ሲፈን ጻፈች፣ አጠፋች። እውነቱን ከጻፈች የማታውቀው ሰው ቤታቸውን ሊያገኝ ነው። ካልጻፈች አይዳ ምንነቱ ካልታወቀ እባብ ጋር ልትዘጋ ነው። እንደገና ጻፈች፤ አሁን የሰፈራቸውን እውነተኛ ስም። «ፋራያ አይደለም። ቡርጅ ኤል ባራጅነህ፣ ምድር ቤት።» ላከችው።

ናዲም እንዲያ ከሆነ የተራራው እፉኝት እንደማይሆን ነገራት፤ ከወንበሩ ሳትወርድ ጭንቅላቱን አቅርባ እንድታነሳም አዘዛት። ፎቶው ላይ የዓይኑ ብሌን ክብ ሆኖ ወጣ፤ የእፉኝት ቢሆን እንደ ስንጥቅ ቀጭን ነበር። ናዲም ፎቶውን አገላብጦ አይቶ ፈረደ፤ እፉኝት ይመስላል እንጂ መርዝ የለውም፣ አትንኩት፣ መውጫ ስጡት።

ሲፈን ወረደች። ግድግዳውን ታክካ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ የውጭውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፤ በመጣችበት ተመልሳም ወንበሯ ላይ ወጣች። እባቡ ብርሃኑን ሲያይ ዞረ። ኪራይ ሊሰበስብ መጥቶ እንደሚመለስ አከራይ ተንቀባሮ ወጣ።

አይዳ መጥረጊያ እንደጨበጠች ብቅ ስትል ስልኩ ጮኸ። ናዲም ነው።

«ሰው ልልክ ነበር እኮ። ፋራያ ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

አይዳ በትከሻዋ በኩል አነበበችና ምን ልትዪው ነው በሚል ዓይን አየቻት።

ሲፈን «አልነግርህም» ብላ ጻፈችለት።